ጋላክሲ በሁለት ሚዛን

 ስለ ጠፈር ሲወራ በብዛት የሚነገረው ርቀቱና ስፋቱ ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት የክብደትን ጥያቄ ነው። ማንም ሊደርስበት የማይችል፣ ብርሃኑ እንኳ እኛ ዘንድ ለመድረስ መቶ ሚሊዮን ዓመታትን የሚጠይቅ ጋላክሲ እንዴት ይመዘናል? ተመዘነ ከተባለ በኋላስ ቁጥሩ ልክ መሆኑን በምን እናረጋግጣለን?

ለእኔ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ገበያ ወርዶ እህል የሚሸምት ሰው ሚዛኑን ከተጠራጠረ ያንኑ እህል ወስዶ የሌላ ነጋዴ ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለቱ ከተስማሙ ልቡ ያርፋል፤ ካልተስማሙ አንዱ ችግር እንዳለበት ያውቃል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎችም በጋላክሲዎች ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንዱ ሚዛን በጋላክሲው ውስጥ የሚዞሩት ከዋክብት ፍጥነት ነው። ሌላው ጋላክሲው ከበስተኋላው የሚመጣውን ብርሃን የሚያጎብጥበት መጠን ነው። በቅድሚያ ሁለቱን ሚዛኖች በየተራ አሳያችኋለሁ፤ ቀጥሎ ሁለቱም ላይ ስለ ወጣ አንድ ጋላክሲ ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ፤ በመጨረሻም ይኸው ድርብ ምዘና አውቀነዋል ያልነውን አንድ ትልቅ ቁጥር እንደገና እንድንመረምር እንዴት እንዳስገደደን አነሣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ሚዛኖቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ሰው «የጋላክሲውን ብርሃን ለክቶ ከዋክብቱን ማስላት አይበቃም ወይ?» ሊል ይችላል። አይበቃም። ከፀሐይ አንድ አሥረኛ ብቻ የምትከብድ ትንሽ ቀይ ኮከብ የምትሰጠው ብርሃን የፀሐይን አንድ ሺኛ ያህል ነው። እንዲህ ያሉ ከዋክብት በቢሊዮኖች ቢጨመሩ የጋላክሲው ክብደት በእጅጉ ያድጋል፤ ድምቀቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ከዚህም የባሰ ነገር አለ፤ ጨርሶ የማያበራ ቁስ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 በኮማ የጋላክሲዎች ስብስብ ውስጥ ያሉት ጋላክሲዎች ከሚታየው ቁስ ስበት አምልጠው መበተን በሚገባቸው ፍጥነት እንደሚሮጡ አየ። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ ደግሞ በ1970 ባወጡት ጥናት በአንድሮሜዳ ጋላክሲ ዳርቻ ያለው ቁስ ፍጥነቱ እንደሚጠበቀው እንደማይቀንስ አሳዩ። ዛሬ ዳርክ ማተር የምንለው የማይታይ ቁስ ታሪክ ከእነዚህ ልኬቶች ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ በብርሃን መመዘን የምናየውን ብቻ መመዘን ነው፤ የሚያስፈልገን ደግሞ ለሚታየውም ለማይታየውም የማያዳላ ሚዛን ነው። ስበት እንዲህ ያለ ነው፤ ቁስ ሁሉ ይስባል፣ ቢያበራም ባያበራም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ሚዛን እንለፍ። አንድ ኮከብ በጋላክሲው ስበት ተይዞ ሲዞር ፍጥነቱ የያዘውን ቁስ ብዛት ይናገራል፤ ጋላክሲው በከበደ መጠን ኮከቡ ሳያመልጥ በበለጠ ፍጥነት መሮጥ ይችላል። ችግሩ በመቶ ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለን ተራ ኮከብ ለብቻው ለይቶ ማየት አለመቻሉ ነው። የሚደርሰን የቢሊዮኖች ከዋክብት ቅልቅል ብርሃን ነው። ያንን ብርሃን በስፔክትሮግራፍ ወደ ቀለማቱ ስንዘረጋው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሶዲየም የዋጡት ብርሃን በየቦታው ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ወደ እኛ የሚመጣ ኮከብ መስመሩ ጥቂት ወደ ሰማያዊው፣ ከእኛ የሚሸሸው ደግሞ ጥቂት ወደ ቀዩ ይሸሻል። አንዳንዶቹ ሲመጡ ሌሎቹ ሲሄዱ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲደመሩ ቀጭን የነበረው መስመር ይሰፋል። የስፋቱ ልክ የከዋክብቱ ፍጥነት ልክ ነው። አንድን ኮከብ ለይተን ሳናይ የሁሉንም ሩጫ መለካት መቻላችን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ይህ ሚዛን ግን የራሱ ድክመት አለበት። ስፔክትሮግራፉ የሚነግረን ኮከቡ ወደ እኛ ወይም ከእኛ የሚሄድበትን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ወደ ጎን የሚሄደውን አይነግረንም። ከዋክብቱ ወደ ማዕከሉ እየጠለቁ የሚወጡ ከሆነና ክብ እየሠሩ የሚዞሩ ከሆነ፣ ያው አንድ ክብደት የተለያየ የመስመር ስፋት ይሰጣል። በተገላቢጦሹም አንድ ዓይነት ስፋት ከሁለት የተለያዩ ክብደቶች ሊመጣ ይችላል። ከዋክብቱን ብቻ ይዞ የሚመዝን ሰው ስለ ምሕዋራቸው ቅርጽ አንድ ነገር መገመት ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ሚዛን ታሪኩ ረዘም ይላል። አልበርት አንስታይን በ1915 ባጠናቀቀው የአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት የፀሐይን ጠርዝ ታክኮ የሚያልፍ የኮከብ ብርሃን በ1.75 ቅጽበተ ማዕዘን ይጎብጣል። ቅጽበተ ማዕዘን ማለት አንድ ዲግሪ ለ3600 ሲከፈል የሚገኘው ስንጥር ነው። በኒውተን ስበት ብቻ ከታሰበ ግን የሚገኘው የዚህ ግማሽ ነው። ይህችን ግማሽና ሙሉ በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን። በግንቦት 29 ቀን 1919 የፀሐይ ግርዶሽ በሆነ ጊዜ አርተር ኤዲንግተን በምዕራብ አፍሪካ አቅራቢያ ባለችው በፕሪንሲፔ ደሴት፣ ሌላ ቡድን ደግሞ በብራዚል ሶብራል ሆነው በፀሐይ ዙሪያ የሚታዩትን ከዋክብት ፎቶ አነሡ። ውጤቱ ለአንስታይን አደላ።

ፀሐይ ብርሃንን ካጎበጠች ሌላ ኮከብም ያጎብጣል። ሩዲ ማንድል የተባለ አማተር ሳይንቲስት አንስታይንን ፕሪንስተን ድረስ ሄዶ ነገሩን አስልቶ እንዲያሳትም ለመነው። አንስታይን በ1936 በሳይንስ መጽሔት አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሁለት ከዋክብት በእኛ ዕይታ አንዱ ካንዱ ኋላ በትክክል ቢሰለፉ የኋለኛው የብርሃን ቀለበት ሆኖ መታየት እንዳለበት አሳየ፤ ሆኖም ይህን በዓይን የማየት ተስፋ እንደሌለ ጨምሮ ጻፈ። በዓመቱ ዝዊኪ ተነሥቶ ስለ ከዋክብት ሳይሆን ስለ ጋላክሲዎች ማሰብ እንደሚያስፈልግ ተናገረ፤ ጋላክሲ በመቶ ቢሊዮን ፀሐይ የሚቆጠር ክብደት ስላለው የሚያጎብጠው ብርሃን በቴሌስኮፕ ሊለይ ይችላል አለ። ልክ ነበር፤ ግን እስኪረጋገጥ ከ40 ዓመት በላይ አለፈ። በ1979 ዴኒስ ዋልሽ፣ ሮበርት ካርስዌልና ሬይ ዌይማን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኳዛሮችን፣ ማለትም እጅግ የራቁና የደመቁ የጋላክሲ ማዕከላትን፣ ሲመረምሩ ስፔክትረማቸው፣ ማለትም የብርሃናቸው የቀለም ዝርጋታ፣ አንድ ሆኖ አገኙት። ሁለት ኳዛሮች አልነበሩም፤ መሐል ላይ ባለ ጋላክሲ ስበት ሁለት ሆኖ የታየ አንድ ኳዛር ነበር።

የስበት ሌንስ የምንለው ይህንን ነው። የፊተኛውና የኋለኛው ጋላክሲ በደንብ ከተሰለፉ የኋለኛው ተስቦ በፊተኛው ዙሪያ ቀለበት ወይም ቅስት ይሠራል። የቀለበቱ ስፋትና የሁለቱ ርቀት ከታወቀ በቀለበቱ ውስጥ ያለው ክብደት ሁሉ፣ የከዋክብቱም የማይታየውም፣ ያለ ብዙ ግምት ይገኛል። ከዋክብቱ እንዴት እንደሚዞሩ ማወቅ አያስፈልግም። ግን ይህም ድክመት አለው፤ በቀለበቱ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በደንብ ይነግረናል እንጂ ያ ክብደት ከመሐል ወደ ዳር እንዴት እንደ ተደላደለ አጥርቶ አይነግረንም። አንዱ የሚስተው ሌላው የሚይዘው መሆኑ ነው የሁለቱን ጋብቻ ፍሬያማ ያደረገው።

ጋብቻው በስፋት የተፈጸመው በስሎን የሰማይ ቅኝት ነው። የቅኝቱ መሣሪያ የየጋላክሲውን ስፔክትረም አንድ በአንድ ይመዘግባል። አዳም ቦልተንና ባልደረቦቹ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩት መዝገቦች ውስጥ የጋላክሲው ያልሆነ፣ ከሩቅ የመጣ የባዕድ ብርሃን መስመር ያለባቸውን ፈልገው አወጡ። በአንድ ስፔክትረም ውስጥ ሁለት ርቀት መገኘቱ አንዱ ጋላክሲ ከሌላው ኋላ መኖሩን ያሳብቃል። ከዚያ ሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ወደ እነዚያ ተነጣጠረ፤ ወደ 100 የሚጠጉ ሌንሶችም ተገኙ። የኮከብ ፍጥነታቸው ቀድሞ በመዝገቡ ስለ ነበረ ሁለቱ ሚዛኖች በአንድ ጊዜ በእጅ ገቡ። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሥርዓት ያለው ሆነ፦ በእነዚህ ግዙፍ ጋላክሲዎች ውስጥ ጠቅላላው የቁስ እፍጋት ከማዕከሉ በራቁ ቁጥር የሚቀንሰው በርቀቱ ካሬ ልክ ገደማ ነው። ከዋክብቱ ለብቻቸው እንዲህ አይቀንሱም፤ የማይታየውም ቁስ ለብቻው እንዲህ አይቀንስም። የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ሁለት ነገሮች ሲደመሩ ቀላል ሕግ መስጠታቸው የጋላክሲዎች አፈጣጠር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ነበረ የሚናገር ይመስለኛል። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ዛሬም ክርክር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌዬ ልምጣ። ኢ ኤስ ኦ 325-ጂ004 የሚባል ሞላላ ጋላክሲ አለ፤ ከእኛ ወደ 500 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ይህ ለሌንስ ጋላክሲ ቅርብ ነው፤ አብዛኞቹ ሌንሶች በቢሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቁ ናቸው። በሐብል ምስል ላይ ማዕከሉን የከበበች ትንሽ የብርሃን ቀለበት ትታያለች። የቀለበቱ ብርሃን ከ10 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተነሣ ነው። ቶማስ ኮሌትና ባልደረቦቹ በቺሊ አታካማ በረሃ፣ በፓራናል ተራራ ላይ ባለው በቬሪ ላርጅ ቴሌስኮፕ የጋላክሲውን ከዋክብት ፍጥነት ለኩ። የዚያ ቴሌስኮፕ መስተዋት 8.2 ሜትር ስፋት አለው፤ በእኛው እንጦጦ ላይ ካሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ጋር ሲነጻጸር የሚሰበስበው ብርሃን 67 እጥፍ ነው። ሙሴ የሚባለው መሣሪያው ደግሞ የሚያየውን የሰማይ ቁራጭ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ነጥብ ስፔክትረም ይሰጣል። ስለዚህ የከዋክብቱ ፍጥነት አንድ ቁጥር ሆኖ አልቀረም፤ ከማዕከሉ ወደ ዳር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ ካርታ ሆነ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀለበቱ ውስጥ ያለው ክብደት ደግሞ ወደ 150 ቢሊዮን ፀሐዮች ይጠጋል።

ተመራማሪዎቹ ግን ጋላክሲውን መመዘን ብቻ አልፈለጉም፤ ስበትን ራሱን ሊፈትኑ ነበር። ያስያዝኳችሁ ግማሽና ሙሉ የምታስፈልገን እዚህ ላይ ነው። በአንስታይን ትምህርት ቁስ ጊዜንም ቦታንም ያጎብጣል። ከዋክብት ከብርሃን ጋር ሲተያዩ እጅግ ዝግተኞች ስለ ሆኑ ምሕዋራቸውን የሚወስነው በአብዛኛው የጊዜ መጉበጥ ነው፤ ይህም ኒውተን ስበት ብሎ ያወቀው ነው። ብርሃን ግን በሁለቱም እኩል ይጎብጣል፤ በ1919 ከኒውተን እጥፍ የተገኘውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ከዋክብቱ አንዱን፣ ብርሃኑ ሁለቱንም የሚመዝኑ ከሆነ፣ ሁለቱን ሚዛኖች በማወዳደር ቦታ ከጊዜ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደ ጎበጠ ማወቅ ይቻላል። አንስታይን ልክ ከሆነ ንጽጽሩ 1 መሆን አለበት። በ1919 ፈተናው በአንዲት ፀሐይ ጠርዝ ላይ ነበር። በፀሐይ ሥርዓታችን ውስጥ ዛሬ በጣም ጠብቋል፤ ከካሲኒ መንኮራኩር ጋር ተደርጎ በ2003 በታተመ የሬዲዮ ልኬት ከመቶ ሺህ ውስጥ እስከ ጥቂት ክፍልፋይ ድረስ ተረጋግጧል። በጋላክሲ መጠን ሲሆን፣ ማለትም በሺህ በሚቆጠር የብርሃን ዓመት ስፋት ላይ ሲሆን፣ ነገሩ ክፍት ነበር። የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሄዱን ለማስረዳት በትልልቅ ርቀት ላይ ስበት ይለወጣል የሚሉ ሐሳቦችም ቀርበዋል።

በ2018 የታተመው ውጤት 0.97 ሆነ፤ የስሕተት ወሰኑም 0.09። ከአንድ አይለይም ማለት ነው። የፈተናውን ንድፍ አስተውሉት፤ ሚዛኖቹ ቢጣሉ ኖሮ ከጋላክሲው አልፎ የስበት ሕጋችን ራሱ ይጠየቅ ነበር። ውጤት ሊያፈርሰን የሚችልበትን በር ክፍት አድርጎ የተሠራ ልኬት ከሁሉ የበለጠ እምነት ይጣልበታል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሌላ አንድ ፈጣን ምሳሌ ልጨምር። በ2007 የተገኘ፣ ቀለበቱ የፈረስ ጫማ የሚመስል ሌንስ አለ፤ ኮስሚክ ሆርስሹ ይሉታል። ወደ 5 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በሚርቀው በዚህ ጋላክሲ ማዕከል የተቀመጠውን ጥቁር ጉድጓድ ተመራማሪዎች በ2025 መዝነው 36 ቢሊዮን ፀሐይ ያህል አገኙት። በእኛው ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብ፣ ማዕከል ያለው 4 ሚሊዮን ፀሐይ ገደማ ነው። የሆርስሹው ጉድጓድ ጋዝ እየዋጠ አይበራም፤ በተለመደው መንገድ ሊገኝ አይችልም ነበር። ያሳበቁት በማዕከሉ አጠገብ ያሉት ከዋክብት ፍጥነትና ወደ ማዕከሉ የቀረበች አንዲት ቀጭን የብርሃን ቅስት ናቸው፤ ሁለቱ ሚዛኖች በአንድ ላይ።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደርሰናል። እስካሁን ሚዛኖቹ ሲስማሙ ነው ያየነው፤ አሁን ደግሞ አንድ ትልቅ ቁጥር እንደገና እንድንመረምር ሲያስገድዱን እናያለን። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሹር ሬፍስዳል በ1964 አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፦ በሌንስ ምክንያት ብዙ ሆኖ የሚታይ ነገር ድምቀቱ ቢለዋወጥ ለውጡ በየምስሎቹ ላይ በተለያየ ጊዜ ይታያል፤ የየመንገዱ ርዝመትና የሚያልፍበት ስበት ይለያያልና። በ1979 በተገኘው ኳዛር ሁለት ምስሎች መካከል ያለው መዘግየት 417 ቀን ያህል ነው። ይህ መዘግየትና የሌንሱ የክብደት አደላደል ከታወቁ ዩኒቨርስ በምን ፍጥነት እንደሚሰፋ ማስላት ይቻላል። ይህ ፍጥነት ዛሬ ትልቅ ክርክር አለበት። ከጥንቱ የዩኒቨርስ ብርሃን የተሰላው ለእያንዳንዱ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት በሴኮንድ 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአቅራቢያችን ከሚፈነዱ ከዋክብት የሚለካው ደግሞ ወደ 73። ልዩነቱ ከሁለቱ አንዱ መሳሳቱን፣ ወይም የምናውቀው ፊዚክስ መጉደሉን ያመለክታል።

ኤች ዜሮ ሊኮው የተባለው ቡድን በዚሁ የመዘግየት ዘዴ ስድስት ኳዛሮችን ይዞ 73.3 አገኘ፤ ስሕተቱንም 2.4 ከመቶ ገመተው። ብዙዎች ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ነገር ግን የሌንሱን ክብደት አደላደል በተወሰነ መንገድ ቢቀይሩት ምስሎቹ ቅንጣት ሳይለወጡ መዘግየቱ ብቻ ይለወጣል። ምስሉን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሊለይ አይችልም፤ ከዋክብቱ ግን በአደላደሉ ልክ ስለሚሮጡ ይለዩታል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በሰፋ ኅብረት በ2020 ስለ አደላደሉ የያዙትን ግምት ትተው ከዋክብቱ ብቻ እንዲወስኑ ፈቀዱ። ቁጥሩ 74.5 ሆኖ የስሕተት ወሰኑ ወደ 6 አደገ። የስሎን ሌንሶችን ኮከብ ፍጥነት ሲጨምሩበት 67.4 ወረደ፤ ወሰኑም 4 ገደማ ሆነ። ማለትም ከሁለቱም ወገን ጋር የሚስማማ ቁጥር። ራሳቸው በብዙ ዓመት ድካም ያጠበቡትን ውጤት በገዛ እጃቸው አስፍተው ማሳተማቸውን እኔ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ሥራ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው የቀረው ሥራ የት እንዳለ ያውቃል፤ በጥቂት ሌንሶች ውስጥ የከዋክብትን ፍጥነት በካርታ መልክ መለካት ነው። በሃዋይ ባለው በኬክና በጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ይኸው ተጀምሯል።

ሌንሶቹም እየበዙ ነው። በሐምሌ 1 ቀን 2023 የተመጠቀው የአውሮፓ ዩክሊድ ቴሌስኮፕ ከሚቃኘው ሰማይ መቶኛ እንኳ በማይሞላ ቁራጭ ውስጥ 500 የሌንስ እጩዎች ተገኝተዋል። ቅኝቱ ሲያልቅ በሺዎች፣ ምናልባትም ወደ 100,000 እንደሚደርሱ ይጠበቃል። ከተገኙት 500 እጩዎች ብዙዎቹን መጀመሪያ የለየው ኮምፒውተር ነው፤ ቀጥሎ ስፔስ ዋርፕስ በተባለው ፕሮጀክት በመላው ዓለም ያሉ በጎ ፈቃደኞች በዓይናቸው አጣሩ። ኢንተርኔት ያለው ማንም ሰው፣ በዚህ አዳራሽ ያላችሁትን ጨምሮ፣ በእንዲህ ያለው ሥራ መሳተፍ ይችላል። የፓራናል ተራራ ልኬቶችም ለተመራማሪዎቹ ከተያዘላቸው ጊዜ በኋላ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ፊዚክስ የምታጠኑ ተማሪዎች የኢ ኤስ ኦ 325ን ስፔክትረም አውርዳችሁ የመስመሮቹን ስፋት ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። የዩክሊድ ምስል የቀለበቱን ስፋት ይሰጣል፤ ለከዋክብቱ ፍጥነት የሚበቃ ዝርዝር ስፔክትረም ግን ከምድር ከትላልቅ ቴሌስኮፖች መምጣት አለበት፤ የእነዚያም ሌሊት ውስን ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ከሺዎቹ ቀለበቶች የትኞቹ የከዋክብት ፍጥነት ሚዛን ላይም መውጣት እንደሚገባቸው መምረጥ የወጣት ተመራማሪዎች ሥራ ይሆናል።